ስቶቩን ላንተ ስተው

ደግሰው፣ ስቶቩ ይኸው፤ ሽቦው አንድ ቦታ ተበጥሷል፤
ስትቀጥለው ሶኬቱን ንቀል፤ አንማው ረስቶ ቀምሷል።
ሦስት ቀን ጸጉሩ ቆሞ ፔዳ ግቢ ሲዞር፣
«አዲስ ቁርጥ ነው?» እያሉ ይጠይቁት ነበር።

ድስቷም ያንተው ናት፤ ክዳኗ የሌላ ድስት ነው፤
ይሰፋታል፤ የወንድሙን ኮት ለብሶ እንደመጣ ሰው።

እትዬ ጥሩወርቅ ቆጣሪው ሲዞር እንቅልፍ ያጣሉ፤
ሁለት ሰዓት ካለፈ ግድግዳውን በጫማ ይመታሉ።
ሽንኩርት ስታቁላላ በሩን ገርበብ አድርገው፤
አንድ ጭልፋ አድርስላቸው፤ የቀመሰ ጩኸቱ አጭር ነው።

ወሩ ሠላሳ ቀን ነው። የነን ካፌ ብር ግን ሃያ ሁለት።
በተቀበልክበት ምሽት ክትፎ ቤት አትግባበት።
ዘይቱን ቀድመህ ግዛ። ሽሮ ከቤት ይላክልህ፤
የሱቁ ዱቄት ይበዛዋል፤ ሆድ ይነፋል እንጂ አይሞላልህ።
ቲማቲም ማታ ግዛ፣ ባለመደቧ ሸራ ስታጥፍ፤
ለስለስ ያለውን ምረጥ፤ ለወጥ እሱ ነው የሚያተርፍ።

ይህን ሁሉ ግን ማንም ይነግርሃል።
ዓሣውን ልንገርህ።

ኅዳር ሃያ ሁለት ነበር። ሦስታችን፣ ሁለት ቲማቲም፣
አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት፤ ሌላ የሚቆጠር የለም።
ማለዳ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ሐይቁ ወረድኩ፤
እንደሚናፈስ ሰው እጄን ኪሴ ከትቼ ቆምኩ።
ሰይድ ቀረሶ ይገፍፋል። ሥጋው ለሆቴል ይሄዳል፤
ራሱ ግን ደንገሉ ሥር፣ ጭቃው ላይ ይከመራል።
ተራ የያዙ ፔሊካኖች፣ አሥራ አንድ ሆነው፤
አሥራ ሁለተኛው እኔ ነኝ፣ ደብተር ታቅፌ የቆምኩት ሰው።

«ለላብራቶሪ ነው» አልኩት። ቀና እንኳ አላለም፤
«ባዮሎጂ ወር ሲያልቅ ነው የሚጠና፤ ሌላ ቀን ተማሪ አላይም።»
አራት ራስ በፌስታል ሰጠኝ፤ አንዱ ላይ ሥጋ ቀርቶበት፤
ረስቶት መስሎኝ ነበር፤ እስኪገባኝ ፈጀ ዓመት።

አሠራሩ፦ ስንጥቡን አውጣ፤ ከቀረ ወጡ ይመራል።
በጨውና በሎሚ እሸው፤ ሎሚው እትዬ ግቢ አለ፤ ከጠየቅክ ይፈቀዳል።
ቲማቲሙ ሟሙቶ ዘይቱ ዳር ዳሩን ሲወጣ፣
ራሶቹን ደርድር፤ ውኃ እስከ ዓይናቸው። ቃሪያ ከሌለ አትቆጣ።
እንዳታማስል! አጥንቱ ይበተናል፤ ድስቱን ይዘህ ወዝውዝ።
ዓይኑ ነጭ ሲሆን በስሏል። አውርደውና ጥቂት ይቀዝቅዝ።
የትናንት ደረቅ ዳቦ ካለ፣ መረቁ ለሱ ነው የተሠራ።

ቶለሳ ዳር ቁጭ ብሎ «ዓይኑ እያየኝ ነው» አለ፤
በዳቦ ሸፈነው፤ ዳቦው ሲርስ፣ ከነዓይኑ ተጠቀለለ።
አንማው ጾም መሆኑ ትዝ ያለው ሁለተኛው ራስ ላይ ነው፤
«ቄሱን ልጠይቅ» ብሎ ወጣ፤ ድስቱን ከጠረገ በኋላ ነው።

ነገ ጋውን እለብሳለሁ። ጣቴን በሳሙና ፈትጌ ፈትጌ
ነጭ ሽንኩርቱ አለቀቀም።
ይሁን፤ ፎቶ ሽታ አይዝም።

ስምህን ያወጡልህ ሰዎች ለማን እንደሆነ አልነገሩህም፤
«ደግሰው» ብቻ ነው ያሉህ። አታስብ፣ ሰው አይጠፋም።
ሃያ ሁለት ላይ አንዱ «መጽሐፍ ልዋስ» ብሎ ያንኳኳል፤
ዓይኑ ድስቱ ላይ ነው። ምን እንደሚያጠና ይገባሃል።

ግባ በለው።

ጨው አታብዛ።