የግድግዳው ዕዳ

ኮዬ ፈጨ፣ ሊፍት የሌለው ብሎክ፣ አራተኛ ፎቅ፤
"የወገብ በሽተኛ እዚህ ይወጣል?" እያልኩ ስነጫነጭ፣ ስስቅ፣
ሦስቴ አረፍኩ በየደረጃው መታጠፊያ፤
ከታች አፈር የጫነ ሲኖ ሲያልፍ የብረቱ መደገፊያ
በመዳፌ ውስጥ ነዘረ።

በር የከፈተችልኝ ትርሲት ናት፣ እግሯ ላይ ነጭ ካልሲ፤
ዲክሎፌናክ ስትሸጥልኝ ነው የማውቃት፣ ገላን፣ ከጥጉ ፋርማሲ።
"ክኒኑ ጨጓራዎን በላው እንጂ ወገብዎን መቼ ነካ?
ይምጡ ጋሽ ደጀኔ" ብላኝ ነበር፤ እኔ ግን ክረምቱን ሙሉ
ዛሬ ጭቃ፣ ነገ ሳንካ።

ክፍሉ ባዶ ነው። ምንጣፍ፣ የታጠፈ ብርድ ልብስ፣ የቀለም ሽታ፤
ግድግዳው ላይ ስምንት ቀለበት፤ ከየቀለበቱ ነጭ ገመድ
ተንጠልጥሏል በዝምታ።

ጠዋት "ገመድ ላይ ልንጠለጠል ነው" ስላት
ሚስቴ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች፤
ምንም አላለች፤
የሻይ ብርጭቆዋን ብቻ ቀስ ብላ አስቀመጠች።

እኔ እንኳ ገመድን የማውቀው በጭነት ነው፦
አንዱን ጫፍ በእግር ረግጦ፣ ሌላውን በጥርስ ስቦ፣
ኩንታልን ከኩንታል አስሮ፣ አጥብቦ።
ገመድ ለተሸካሚ ዘመድ ሆኖ አያውቅም፤
ወይ ይከረክራል፣ ወይ ይበጠሳል፤ ሌላ ሙያ የለውም።

ትርሲት ብርድ ልብሱን ጭኔ ከሚታጠፍበት ላይ ደልድላ
ገመዱን በላዩ አዞረች፣ "እንዳይከረክርዎ" ብላ።
"አሁን ጎንበስ፤ እጅ መሬት ይንካ፤ ራስ ይውረድ፤ ይልቀቁት።"
"ምኑን?"
"ሁሉንም። ገመዱ ይይዝዎታል፤ እርስዎ አይያዙት።"

መልቀቅ አላውቅም እኮ፣ ልጄ፤
ሠላሳ ዓመት የተማርኩት መያዝ ነው በእጄ።
ደጀኔ ብለው ሰየሙኝ፤ ለሁሉ ደጀን ሆኜ ኖርኩ፤
የራሴን ጀርባ የሚደግፍ ግን አንድም ቀን አልጠበቅኩ።

"ይተንፍሱ" አለች።
ተነፈስኩ። አንድ። ሁለት። በሦስተኛው
አራተኛውና አምስተኛው የወገቤ አጥንት፣
ስንት ዘመን በአንድ ወንበር ተጋፍተው
"ጠጋ በሉ! ጠጋ በሉ!" ሲባሉ የኖሩት፣
"ወራጅ አለ!" ብሎ አንዱ የወረደ ይመስል
ቦታ አገኙ።
እንባዬ ወደ ግንባሬ ፈሰሰ፤ ለካ ተዘቅዝቀው ሲያለቅሱ
መንገዱ በቅንድብ ነው።

ያን ጊዜ ነው ያየሁት፣ በእግሮቼ መሃል፣ ተገልብጦ፦
የግድግዳው ሥር፣ ልስኑ ተፈርፍሮ፣ ብሎኬቱ አፍጥጦ።
አወቅሁት።
ይሄን ፎቅ እኮ በትከሻዬ ነው ያወጣሁት፤
በቀን ሁለት መቶ ብሎኬት፣ በጣውላ መወጣጫ፣ በፀሐይ።
የተሰበረ ብሎኬት አይከፈልበትም፤
የተሰበረ ወገብን ግን የቆጠረ የለም።

ግድግዳ ጆሮ አለው ሲባል ነው የምሰማው፤
ዕዳ እንዳለበት የነገረኝ አልነበረም፤ ይኸው
ቀስ እያለ፣ በቀለበቱ፣ በነጩ ገመድ፣
በየትንፋሹ ሳንቲም ሳንቲም ይከፍለኛል።

ለትርሲት ነገርኳት። ሳቀች።
"ታዲያ ከወሩ ክፍያ ላይ ይቀነስልዎ?"
"ተይው፤ እኔና ግድግዳው እንተሳሰባለን።"

አልዳንኩም። ስወርድ ግራ እግሬ እንደ ልማዱ ደነዘዘ።
ግን አንዴ ብቻ ነው የቆምኩት፣ እሱም
ጂፕሰም የተሸከመ ጎረምሳ ሲወጣ መንገድ ልለቅለት፤
ከግድግዳው ተለጠፍኩ።
ላቡ ሸተተኝ። የጎበጠ ጀርባውን አየሁ።
ምንም አላልኩ።

ከታች፣ ከሚስማርና ከቀለም ሱቁ፣
"ገመድ ሜትሩ ስንት ነው?"
"ለጭነት ነው?" አለኝ ባለሱቁ።
"ለማራገፍ" አልኩት።
አልገባውም፤ አራት ሜትር ለክቶ ቆረጠልኝ፤
እንዳይተረተር ብሎም
ጫፉን በክብሪት ለብልቦ ቋጨልኝ።