ስምንት ማንኪያ

አምስተኛው ክፍለ ጊዜ፣ ምሳ ተበልቶ ሲያበቃ፣
ግማሹ ክፍል አንቀላፍቶ፣ ግማሹ በግድ ሲነቃ፣
የኮዬ ፈጬ ቆርቆሮ በፀሐይ ሲንጣጣ፣ ሲግል፣
ዕቃዬን ደረደርኩና ቆምኩኝ ሳልናገር ቃል፤
አንድ ጠርሙስ፣ አንድ ብርጭቆ፣ የሻይ ማንኪያ ከቤቴ፣
አሥር ማንኪያ ስኳር በፌስታል፣ የቋጠረችው ባለቤቴ።
«አንዲት ፍሬ እንዳትጎድል» አለችኝ ከበር ስወጣ፣
ሁለት ወሩ ነው ሸማቾች ስኳር የሚባል ከመጣ።

«ቲቸር፣ ሱቅ ከፈቱ እንዴ?» አለ አንዱ ከኋላ ወንበር፤
ሣቁ፤ እኔም ደስ አለኝ፤ ሣቅ ከእንቅልፍ ሳይሻል አይቀር።
ምንተስኖትን አስነሣሁት፣ የጠርሙሱን ጽሑፍ ያንብብ፤
ፊደሉ የጉንዳን እግር፤ ራቅ አደረገው፣ ቀረብ፤
«በመቶ ሚሊ ሊትር» አለ፣ «አሥር ነጥብ ስድስት ግራም።»
ሦስት መቶ ነው ጠርሙሱ። አባዙ። ማንም አልተኛም።
ሠላሳ አንድ ነጥብ ስምንት፤ ለአራት ለአራት ሲከፈል
ስምንት ማንኪያ ሊሞላ ነው፣ ለዓይን የማይታይ ቢጎድል።

መጨመር ጀመርኩ።
አንድ። ሁለት። ክፍሉ ዝም።
ሦስት ላይ ሲፈን «የኔ ሻይ እዚህ ያበቃል» አለች፤ ማንም አልሣቀም።
አራት። አምስት። «ይብቃ፣ ቲቸር!» አለ አንዱ፣ ጥርሱ እንደታመመ፤
ስድስት። ሰባት። ስምንተኛው ነጭ ጉብታ ሆኖ ቆመ።

«ይህን ክምር በማንኪያ ቃሙት ብላችሁስ?» ስል፣
«አንቅምም!» አሉ ባንድ አፍ።
«ቀዝቅዞ፣ አረፋ ለብሶ ሲመጣ ግን በትንፋሽ ይወርዳል፤
ቅዝቃዜው ምላስ ያደነዝዛል፣ ጋዙ ያታልላል።»
ዞርኩና ቦርዱ ላይ ቆሽት ሣልኩ።
(ጠመኔው አጭር ነው፤ ቆሽቴም ድንች መሰለች።)
ኢንሱሊን የሚለውን ጽፌ ሳልጨርስ
የሲፈን ድምፅ ከጀርባዬ መጣ፣ ቀስ፦
«አባቴ ስኳር አለበት።
ቤታችን ግን ስኳር የለም።»

አንድ ሁለቱ ሊሥቁ ብለው ተዉት።
እጄ ቦርዱ ላይ እንደተለጠፈ ቀረ፤
ይህች ዐረፍተ ነገር በየትኛው ምዕራፍ እንደምትገኝ
መጽሐፉም አይነግረኝ።

ምንተስኖት እጁን አላወጣም። ዴስኩን እያየ፦
«እናቴ ናት የሸጠችልዎት፤ ከኛ ሣጥን ነው የወጣው።
ሳሙና በሳምንት አንዴ ነው የሚገዛ፤
የኔን ደብተር የሚገዛው ለስላሳው ነው።
እና ቲቸር…
ጠርሙሱን እንዳይረሱት። መያዣ አላስያዘችዎትም።»

«ታዲያ ምን እንጠጣ?» አለ ሌላ ድምፅ፣ ከመስኮቱ ወገን።
ውኃ ልል አፌን ከፈትኩ።
በመስኮቱ ኮንዶሚኒየሞቹ ይታያሉ፤ ከብሎኩ ሥር
ቢጫ ጀሪካን ባንድ ገመድ ታስሮ፣ ከሰኞ ጀምሮ ወረፋ የሚጠብቅ፤
ሐሙስ ሌሊት ትመጣለች ይባላል፤ የትኛው ሐሙስ እንደሆነ አይታወቅ።
የለስላሳው መኪና ግን፣ ጭቃም ቢሆን አቧራም ቢሆን፣
ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን
ሣጥኑን እያንቋቋ ይደርሳል፤ ቀን ስቶ አያውቅም።
«ውኃ» የምትለዋን ቃል መልሼ ዋጥኳት።
የዚያን ቀን የጠጣሁት ውኃ እሷን ብቻ ነው።

ደወል።
ስኳሩን ወደ ፌስታሉ ገለበጥኩ፤ ጠርሙሱን፣ እንደታሸገ፣
ለምንተስኖት ሰጠሁት። አመሰገነኝ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ማታ ባለቤቴ ማንኪያዋን ይዛ ቁጭ አለች።
ዘጠኝ።
መልሳ ሰፈረች። ዘጠኝ።
«አሥረኛዋስ?»

ምን ልበላት?
ቆሽት ስሥል
ጀርባዬን ለክፍሉ ሰጥቼ ነበር።