የእንግዳ በረዶ

መብራት ሄደ። ፍሪጁ ረጅም ተንፍሶ ዝም አለ፤
የጨነቀኝ ስለ ሥጋው አይደለም፣ ስለ ወተቱም አይደለ፤
ከቲማቲሙ ጀርባ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ
የሦስት ወር ደመወዜ ተኝቷል፣ አንዲት ብልቃጥ አክሎ።

ሲትራ በስልኳ ብርሃን ሰዓቱን ደጋግማ አየች፤
«ሦስት ሰዓት እንዳያልፍ ብለዋል፣ እንዳይሞቅም» አለች።

ፔርሙስ ይዤ ወጣሁ። ከዚራ ከነዛፎቿ በላብ ተዘፍቃለች፤
አንዲት ጭማቂ ቤት ብቻ በጄኔሬተር ትንደቀደቃለች።
«በረዶ? በዚህ ሰዓት? ምን ድግስ አለ?» አለኝ ባለ ጭማቂው።
«እንግዳ አለብን።»
«መቼ ነው የሚገባው?»
ሰባት ዓመት ሙሉ መልስ ያጣሁለት ጥያቄ ነው።
ሳቀና አንድ ጭልፋ ደረበልኝ፤
«የእንግዳ ነው» ብሎ ሂሳቡን ተወው።

በደቻቱ አሸዋ አቋርጬ ተመለስኩ።
ጠብታ የለበትም፤ ወንዝ አይደለም የሚለው ግን የለም፤
ዝናቡ ደጋ ላይ ዘንቦ፣ እኛ ተኝተን ይደርሳል፤
ሲደርስም ለማንም አይራራም።
እናቴ ዳሩ ላይ አርጅታለች፤ ይህን ታውቃለች፤
ሲትራን ግን «ደረቅ» ትላለች።

ሆዷ ላይ የትናንቱ ጠቁሯል፤
የከትናንት ወዲያው እንደ ማንጎ ልጣጭ ቢጫ ሆኗል።
«እስከ ሦስት እቆጥራለሁ» አልኳት። ሁለት ላይ ወጋኋት።
ሁልጊዜም ሁለት ላይ ነው። ታውቃለች።
ሁልጊዜም ሦስትን ትጠብቃለች።

ከፔርሙሱ ሥር የተረፈውን በጨለማ ተካፈልነው፤
ባለ ጭማቂው ያለኝን እየነገርኳት ቆረጣጠምነው።
የመጨረሻዋን ስባሪ ምላሷ ላይ አቅልጣ፣
«ለእንግዳው ምንም አላስቀረንለትም» አለች።