ሙያ፦ ልዩ ልዩ

መታወቂያ ላሳድስ ወረዳ ተሰልፌ፣
ከሃያ ሰው ኋላ ግድግዳ ተደግፌ፣
ተራዬ ሲደርስ፣ «ሥራ?» አለች ጸሐፊዋ።
«አኒሜተር።»
አየር ላይ ቀረች ጣቷ፣ ያቺ ጠቋሚዋ።
ዝርዝሩን ወረደች፤ መምህር፣ ነጋዴ፣
ሥራ ፈላጊም አለ፤ የለም የኔ ገዴ።
«ምንድን ነው እሱ?» አለች። «የቆመን ማስኬድ ነው፤
ሥዕል ማራመድ።»
«ሹፌር ብዬ ልተወው?»
ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።
«ልዩ ልዩ» ብላ መታችው።

ብትጠይቀኝ ኖሮ፣
ነገሬ እንደ ጀመረ ከቀለም ቆርቆሮ፤
ከዶሮ ማነቂያ፣ ከጋሽ ዘውገ ደጃፍ፣
ከሥጋ ቤቱ በሬ፣ ከቀንዱ ጫፍ ጫፍ።
አሥራ ሦስት ዓመቴ፤ ብሩሽ አጣቢ ነኝ፤
«ዐይኑን አትጨርሺው» እያለ ሲመክረኝ፣
«ዐይኑ ቀድሞ ካለቀ በሬው ያይሻል፤
ሲያይሽ እጅሽ ይፈራል፤ ሌላው ይበላሻል።»

ከዚያ ቪዲዮ ቤት፣ በሙሽሮች ስም ላይ አበባ መበተን።
ከዚያ ካዛንቺስ ላይ ማስታወቂያ ድርጅት፤
የሚደንስ ሳሙና፣ የሚስቅ ዘይት።
ዘይቱን እንዳሳቅሁት፣ ደሞዜ ሳይመጣ፣
ድርጅቱ ተዘጋ፤ ባለቤቱ ወጣ።
በሦስት ወር ደሞዜ ኮምፒውተር ወሰድኩኝ፤
«ካሳ» ብዬ ጠራሁት፤ ከካሳ ጋር ቀረሁኝ።

አንዲት ሰከንድ ማለት ሃያ አራት ሥዕል ነው።
ሰው ዳገት ሲወጣ ምኑ ነው የሚቀድመው?
ብዬ እሪ በከንቱ ከዳገቱ ሥር ቆሜያለሁ፤
የመንገደኛ ተረከዝ ስቆጥር ውያለሁ።
(አንዱ ጠረጠረኝ፤ ቦርሳውን ወደ ደረቱ አዞረ።)
መብራት ሲሄድማ፣ ሳላስቀምጠው ገና፣
የሦስት ሌሊት ሩጫ ቀረብኝ መና።

ያፌት፣ አብሮኝ የጀመረው፣ ሪል እስቴት ገባ፤
ያልተሠራ ፎቅ ይሥላል፣ ደጁ ላይ አበባ፤
እሱ የሚመጣውን፣ እኔ የሄደውን፣
በአንድ ፕሮግራም ነው የምንሠራው ሁለቱን።

አሁን ከሩቅ አገር ሥራ ይልኩልኛል፤
ለማላውቀው ጦርነት ሰፈር ሥሪ ይሉኛል።
ስሜ የለበትም። የተበሳሳ በር፣
ተጫዋቹ ሮጦ የሚያልፈው ሰፈር።
ያን ሰሞን ነው እዚህ፣ በእውኑ ፒያሳ፣
ዶዘሩ የመጣው፣ አቧራው የተነሣ።
ማንንም አላማከርኩም።
ከተኩሱ ጀርባ፣ በግራ፣ ከድልድዩ ማዶ፣
የእንጨት በረንዳውን፣ ሰባቱን ደረጃ፣
ቀንዱ የተላጠ የበሬውን ሰሌዳ
አስቀመጥኳቸው። አለቃው «ጥሩ ነው» ብሎ ጻፈ፤
የዓለም ልጅ ሁሉ እየተኮሰ አለፈ።

ጋሽ ዘውገን ጠራሁት ባለፈው እሑድ።
ከተሰጠው ኮንዶሚኒየም በሦስት ታክሲ መጣ።
ጣቶቹ ቀለም የለባቸውም አሁን፤
ጆይስቲኩን እንደ ብሩሽ ያዘው፣ በሦስት ጣት።
ጦርነቱን ትቶ ወደ ግራ ዞረ።
እያንዳንዱን ደረጃ አንድ በአንድ ወጣ።
ከበሩ ፊት ቆመ።
ከኋላው መጥተው ገደሉት።
«እንደገና» አለኝ።
ወጣ። ቆመ። ገደሉት።
«ወደ ኋላህ ተኩስ እንጂ፣ ጋሼ!»
«ተዪኝ። ቤቴ ደጃፍ ነው የቆምኩት።»
አሥራ አንድ ጊዜ ሞተ በዚያ ከሰዓት፣
ሰሌዳውን ሽቅብ እያየ።
ሻዩ ቀዘቀዘ። ካሳ ጋለ፣ አጓራ።
መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ።
«የበሬው ዐይን» አለኝ፣ «አልጨረስሽውም።»
«አንተ ነህ እኮ ያልከኝ።»
ዝም አለ።
«እንግዲህ ጨርሺው» አለ።
«ይየን።»