ከቁምሳጥኑ ጀርባ

አሥራ ስምንት ሺህ ብለን ጀመርን፣
ለመሳቢያው ይህን፣ ለወለሉ ያን እያልን መደብን።
ስንዱ እብነ በረድ አማራት፤
ዋጋውን ሳይ አላበኝ፣ በኤድመንተን የጥር ሌሊት።

ታራስ ግድግዳውን ሲከፍት ቧንቧው በስብሶ ኖሮ፣
«አራት ሺህ ይጨምራል» አለ፣ ዓይኑን ወደ ጣሪያው አዙሮ።
የእብነ በረዱ ገንዘብ ገባ ከቧንቧ ሆድ፣
እንግዳ ከማያየው፣ «ሲያምር!» ከማይባልለት ጉድ።

አሮጌው ቁምሳጥን ሲነቀል ግን፣ ከጀርባው፣ ግድግዳው ላይ፣
ከእኛ በፊት የኖረ ሰው ሒሳብ፣ በእርሳስ፣ ደብዝዞ የሚታይ፤
ጣውላ፣ ምስማር፣ ቀለም… ድምሩ ሦስቴ ተሰርዟል፤
ከታች «ምድጃው ለከርሞ» ይላል።

ስንዱ ሳቀች።
እርሳሱን ከጆሮዬ ላይ ወሰደች፣
ከሥሩ «እብነ በረዱም» ብላ ጻፈች።
ታራስ ያላየ መስሎ፣
አዲሱን ሳንቃ ቸነከረበት፣ ቀስ ብሎ።