ወደ ውጭ

ከአቃቂ ወንዝ ማዶ፣ ከፈትል ፋብሪካው አጥር ተጠግቶ፣
የቴአትር አዳራሽ ነበረን፤ ግድግዳው ጭቃ፣ ኮርኒሱ ኮምፔርሳቶ።
በሩን ጋሽ ጉርሜሳ ነው የበየደው።
«በር እንግዳ ሲያይ ወደ ኋላ ይላል፤ ደረት መግፋት ነውር ነው»
ብሎ ወደ ውስጥ ሰቀለው።

ያን ማታ ሳቅ ነበር። መጋረጃው ጫፉን ለፋኖሱ ሰጠ፤
የተውኔቱ መስሎን ስናጨበጭብ፣ መብራቱ ተቆረጠ።
የገፋ እጅ በዛ፣ የሚስብ እጅ ጠፋ፤
የፊተኛው «ወደ ኋላ!» ሲል፣ የኋለኛው ገፋ።
አሥራ ዘጠኝ ሰው።
የልቃቂት ክፍሏ ሸጊቱ፣
ትኬት ቆራጩ ቱፋ፣ ከነትኬቱ።

ሜትር የያዘ ሰው ከማዘጋጃ ቤት ከአርባው በኋላ መጣ፤
ለካ፣ ጻፈ፣ ደንብ አወጣ፦
ሁለት በር፣ የአሸዋ ባልዲ፣ መዝጊያ ወደ ውጭ።
ጋሽ ጉርሜሳ ደንቡን አልጠበቀም።
ከሠልስቱ ማግስት ጀምሮ ማጠፊያ ሲፈታ ነበር፣
ከወፍጮ ቤቱ፣ ከክሊኒኩ፣ ከየቤቱ፣
ሳይናገር፣ ሂሳብ ሳይቀበል፣ በየሌሊቱ።

ዛሬም ሰፈራችን እንግዳ ሲመጣ
መዝጊያ ደረቱን ይነካዋል፤
አንድ እርምጃ ይሸሻል፣ ይከፋዋል።
አንነግረውም።
ይግባ፣ ይቀመጥ፤
ሲወጣ ይገባዋል።