አንድ አናናስ

የልጄ ልደት ሰኔ ነው፤ ሌቱ ቀኑን ሲውጠው፣
የፑንታ አሬናስን ወደብ በረዶ ሲያለብሰው፣
ፀሐይ አራት ሰዓት ወጥታ፣ ለአመል ያህል ታይታ፣
አሥራ ሁለት ሳይሞላ ስትገባ፣ ብርድ ብርድ ብሏት፣ ተኮራምታ።

"እማዬ፣ ስምንት ዓመት ስሞላ" አለችኝ አየሌን፣
"ደሴት ይሁን፤ ዘንባባና በቀቀን ይሙላው ቤታችንን።"

እኔ ሸርጣን ፋብሪካ፣ ቅርፊት ፈልፋይ ነኝ፤
ደመወዝ ከኪሴ ሳይገባ፣ ዕዳ ቀድሞ በር ላይ የሚቀበለኝ።

በመብራት ደረሰኝ ጀርባ ጻፍኩት፣ የድግሱን በጀት፦
ሃያ ሺህ ፔሶ። (ዜሮ ሲበዛ ያታልላል፣ ሲያዩት በወረቀት።)
ዱቄት አለ። ስኳር አለ። እንቁላል ከጎረቤት።
ፊኛ፣ አሥራ ሁለት። አይ፣ አሥር። አይ፣ በዕድሜዋ ልክ፣ ስምንት።
አናናስ። ጻፍኩት። ሰረዝኩት። እንደገና ጻፍኩት።

አናናስ እዚህ ከተማ፣ በሰማይ የመጣ እንግዳ ነው፤
ዋጋው የጣቶቼ ድካም፣ የግማሽ ፈረቃ ነው።
"እሱ ከሌለማ" አልኩ ለራሴ፣ "ደሴቱ ምኑ ደሴት ነው?"

ከምንጣፍ ሻጩ ደጃፍ፣ የተጣለ የካርቶን ቱቦ
ተሸክሜ መጣሁ፣ ንፋሱ ወዲያና ወዲህ ስቦ ስቦ፤
ግንድ ሆነ። ቅጠሉን ከአረንጓዴ የቆሻሻ ፌስታል ቆረጥኩት፣
ጠርዙን በመቀስ ዘለዘልኩት።
ለአሸዋው፣ ከአናጢው ከሩፔርቶ አንድ ጆንያ ሰጋቱራ፤
ለባሕሩ፣ ከፋብሪካው በውሰት፣ ያረጀ ሰማያዊ ሸራ።
ሸርጣን ሸርጣን ይላል። ይበል፤
ባሕር ታዲያ ምን ምን ሊል?

በቀቀኖቹን ልጄ ሠራች፣ ከእንቁላል መያዣ ካርቶን፤
አንዱ ሦስት ዓይን አለው። ለምን ስላት፣ "እሱ ነው የሚጠብቀን።"

ማታ ዶን ሮሳሜል ወረዱ፣ ከላይኛው ፎቅ፣
ጡረተኛው መርከበኛ፤ ከደረጃችን ዘንባባን በእውን የሚያውቅ
እሳቸው ብቻ ናቸው። ዞሩት። ነኩት። ዓይናቸውን ጨፈኑ።
"ኤደልሚራ" አሉኝ፣ "ዛፍሽ ቀጥ ብሏል እንደ ወታደር፤
ዘንባባ እኮ ያዘነብላል፣ ጆሮውን ሰጥቶ ለባሕር።"
በጉልበታቸው ገፋ አደረጉት። ያኔ ነው ደሴት የሆነው ሳሎኔ፤
ሊወድቅ ሲል በልብስ ገመድ፣ ከመጋረጃው ዘንግ አሰርኩት እኔ።

ቅዳሜ ንፋስ ከበረዶ ጋር ተማክሮ ተነሣ፤
አይመጡም ብዬ ኬኩን ሸፈንኩ፣ ሙዝ እንዳይጠቁር፣ እንዳይረሳ።
ከጠራናቸው አሥራ አንድ፣ አምስቱ ብቻ ደረሱ፣
እንደ ሽንኩርት፣ ልብስ በልብስ ላይ እየለበሱ።

ያኔ ትዝ አለኝ፤ እዚህ አገር ርካሽ ነገር አንድ ነው፦ ጋዝ።
ሌላው ሁሉ በመርከብ መጥቶ፣ ዋጋው ቆዳ የሚያስገዝዝ።
ማሞቂያውን እስከ ጥጉ ከፈትኩት፤ ሰማያዊው እሳት አጉረመረመ፤
ካፖርት ወለቀ፣ ሹራብ ወለቀ፣ በሩ ሥር የካልሲ ተራራ ቆመ።
መስኮቱ አላበው። በረዶው ጠፋ፤ ጠፋ መንገዱ፤
ልጆች በካናቴራ፣ ሰጋቱራው ላይ በባዶ እግር ሲሄዱ፣
ሸራው ላይ በሆዳቸው ሲዋኙ፣ ወዝቶ ግንባራቸው፣
ማን ደፍሮ ውሸት ነው ሊላቸው?
ዶን ሮሳሜል በሸሚዝ ተቀምጠው፣ አንገታቸውን ጠረጉ፤
"ልክ እንዲህ ነው" አሉ፣ "ልክ እንዲህ ነው የሚያልበው።" ሌላ ነገር አላወጉ።

አናናሱ ጠረጴዛው መሐል፣ ዘውድ እንደ ደፋ ንጉሥ።
ቢላ ሳነሣ፣ "ቆይ" አለች አየሌን፣ "ከሩቅ ነው የመጣው፤
ትንሽ ይሙቀው፣ እስኪመለስለት ነፍስ።"
እናም ቆየን። ሻማ ጠፋ፣ ኬክ አለቀ፤
አናናሱም ሞቆት መሰለኝ፣ ቤቱን ሁሉ በሽታው አጠመቀ።

ለስምንት ከፈልኩት፣ ብርሃን እስኪያሳልፍ አስሰሳሁ፤
መሐሉ፣ ጠንካራው እምብርት፣ ለእኔ ደረሰኝ፤ እሱን ሳኝክ አመሸሁ።

ከበጀቱ ሦስት መቶ ፔሶ ተረፈ።
ሰኞ ጠዋት ጫማዬን ሳወልቅ፣ ሰጋቱራ ረገፈ።
ሸራውን አጥፌ ለአለቃዬ መለስኩ። አሸተተው፤ ግራ ገባው፤
"አናናስ አናናስ ይላል" አለ።
እኔ ጓንቴን አጠለቅሁ። ሸርጣኑ ተከምሯል፣ ማን ሊነካው።